ጋሽ አድማሱን ቅርስ ያስጎበኘሁ ቀን

ሰው የሚኖርበትን አገር አያውቅም። ይህን የምለው ፈላስፋ ሆኜ አይደለም፤ ለራሴ ጥብቅና ለመቆም ነው። አሶሳ ተወልጄ፣ አሶሳ አድጌ፣ እዚያው አሶሳ ስልክ እየጠገንኩ ስኖር አንድም ቀን ቅርስ የሚባል ነገር ሄጄ አላየሁም። ምን አስቸኮለኝ? ቅርስ እንደሁ የትም አይሄድ! ይህን ሁሉ ዘመን የቆመ ነገር እኔን ለመጠበቅ ወገቡን ያመዋል?

ለነገሩ አለማየቴ ብዙም ጉዳት አልነበረውም። ጉዳት የመጣው እንዳየ ሰው ማውራት ስጀምር ነው።

ሰናይት የምትባል ነርስ አለች። እሷን እገልጻለሁ ብል ወጌ ሌላ ወግ ይሆንብኛልና በአጭሩ ልለፈው። ከደብረ ማርቆስ ተመድባ መጣች፤ ስልኳ ተሰበረባት፤ እኔ ሱቅ አመጣችው። በአሥር ደቂቃ የሚያልቀውን ሥራ አራት ቀን አቆየሁት። "አልደረሰም?" ልትል በመጣች ቁጥር አልደረሰም አልኩ። የቀረውን እናንተ ትገምቱታላችሁ። ሁለት ዓመት ቆይተን ሽማግሌ ልላክ ስል ሰናይት፣

"መጀመሪያ አጎቴ ሊያይህ ይፈልጋል" አለችኝ።

አጎቷ ጋሽ አድማሱ የእናቷ ታላቅ ወንድም ናቸው። አባቷ በልጅነቷ ስለሞተ ያሳደጓት እሳቸው ናቸው። ጡረታ የወጡ የታሪክ መምህር ናቸው። እሳቸው "እሺ" ካሉ እናቷም እሺ ትላለች፤ እሳቸው "እንጃ" ካሉ ግን ከደብረ ማርቆስ እስከ ደጀን ያለው ዘመድ ሁሉ "እንጃ" ነው የሚለው።

ስልክ ደወሉልኝ። ስለ ሥራዬ ይጠይቁኛል፣ ስለ ቤት ይጠይቁኛል ብዬ መልስ አጥንቼ ነበር።

"እናንተ አገር ጥንታዊ ነገር አለ?" አሉኝ።

"ሞልቷል ጋሼ!"

"የድሮ ግንብ? ቤተ መቅደስ?"

"በየጥጋጥጉ ነው።"

"አንተ ቦታዎቹን ታውቃቸዋለህ?"

እዚህ ጋ "አላውቅም" የምትባል ቃል ነበረች። አምስት ፊደል ብቻ ናት። አምስቱን ፊደል ብናገር ኖሮ ያንን ሁሉ አላይም ነበር።

"እኔን ትተው ማንን ሊጠይቁ ነው!" አልኩ።

ቅዳሜ ከሰዓት መጡ። ረጅም፣ ቀጭን፣ በጥቅምት የአሶሳ ሙቀት ሙሉ ልብስ ከነከረባቱ የለበሱ፣ ቆብ የደፉ፣ በአንድ እጃቸው ጃንጥላ በሌላው ወፍራም ማስታወሻ ደብተር የያዙ ሰው ናቸው። በማግሥቱ እሁድ ሰናይት ተረኛ ስለነበረች ከቤተ ክርስቲያን መልስ ሁለታችን ብቻ ወጣን። ዕቅዴ ቀላል ነበር፤ ከተማ ውስጥ የቅርስ ማሳያ አዳራሽ አለ ሲባል ሰምቻለሁ፤ እዚያ አስገባቸዋለሁ፤ ሁሉም ነገር ላይ ጽሑፍ ተለጥፎበታል፤ እሳቸው ያነባሉ፣ እኔ ራሴን እነቀንቃለሁ።

ደረስን። በሩ ተቆልፏል።

"እሁድ እኮ ነው" አለን ሙሳ። ሙሳ የጎረቤቴ ባጃጅ ነጂ ነው፤ የበርታ ተወላጅ፣ የሦስት ልጆች አባት፣ ብዙ የማይናገር ሰው። "እሁድ ይዘጋል።"

"ይሄንንማ አውቃለሁ" አልኩ። "በሩን ከውጭ እንዲያዩልኝ ነው።"

ጋሽ አድማሱ የቆርቆሮውን በር ከላይ እስከ ታች አዩት። "በሩ ጥንታዊ ነው?"

"መካከለኛ ነው" አልኩ።

ሙሳ በመስታወቱ ውስጥ አየኝ። ባጃጅ ውስጥ የነጂው መስታወት ክፉ ነገር ነው። ጥፋተኛ ከኋላ ቢቀመጥ ዓይን ለዓይን መጋጠሙ አይቀርለትም።

አሁን የቀረኝ አንድ ወሬ ብቻ ነበር። አንድ ደንበኛዬ ስልኩን እስክጠግንለት ድረስ፣ በሆሞሻ መንገድ ትልቅ ዋርካ ካለፉ በኋላ የድሮ ዘመን ሹም ያሠራው የድንጋይ ግንብ አለ ብሎ ነግሮኝ ነበር። በግራ ይሁን በቀኝ ግን አላስታውስም። ያኔ የጤፍ ፍሬ የምታህል ብሎን ጠፍታብኝ እሷን እየፈለግሁ ነበር።

"ሙሳ፣ በሆሞሻ መንገድ ንዳ!" አልኩት በሙሉ ልብ።

ጥቂት እንደሄድን ጋሽ አድማሱ ደብተራቸውን ገልጠው፣ "ለመሆኑ አሶሳ ማለት ምን ማለት ነው?" አሉኝ።

አላውቅም። ግን የመጀመሪያው "አላውቅም" በጊዜው ካልተባለ፣ የሚቀጥለውን ማውጣት ጥርስ እንደማስነቀል ነው።

"ድሮ ሁለት ወንድማማቾች ነበሩ ጋሼ" አልኩ ወደ ባጃጁ ሸራ እያየሁ። "ከተማዋን የቆረቆሯት እነሱ ናቸው። አንዱ አሶ ይባላል። ሁለተኛው ሳ።"

"ሳ ብቻ?"

"ታናሽ ስለሆነ ነው።"

ጋሽ አድማሱ ጻፉት። "ወላሂ እኔ ዛሬ ገና መስማቴ ነው" አለ ሙሳ ከፊት። ሰው ውሸቱ ሲጻፍለት ልቡ ያብጣል። እኔም ልቤ አበጠ። ያየነው ድንጋይ ሁሉ ታሪክ ሆነ፤ ያለፍነው ኮረብታ ሁሉ ጦር ሜዳ ሆነ፤ አንድ የቀርከሃ ቁጥቋጦንማ "የዘውድ ቀርከሃ" አልኳት።

ዋርካው ጋ ስንደርስ ሙሳ ፍጥነቱን ቀንሶ "ወደ ቀኝ..." ሲል፣ በግራ በኩል፣ ሣር ውስጥ፣ ጥቁር የድንጋይ ግንብ ታየኝ።

"በግራ ነው!"

"ግራ አይደለም፣ እዚያ እኮ..."

"ሙሳ፣ አንተ ንዳ! ታሪኩን ለእኔ ተወው!"

ሙሳ ትከሻውን ሰበቀና ወደ ግራ አቆመ።

ግንቡ፣ ይቅር ይበለኝና፣ ያምር ነበር። ጣሪያ የለውም። ሁለት ዝቅ ያሉ የድንጋይ አጥሮች ከሰፊ ግቢ ይነሡና እየጠበቡ፣ እየጠበቡ ሄደው አንድ ሰው ብቻ የሚያሳልፉ ይሆናሉ። እዚያ ጋ መሬቱ ቁልቁል ወደ ረጅም ደረቅ ጉድጓድ ይወርዳል፤ ጉድጓዱ በድንጋይ የተገነባ ነው፤ በወዲያኛው ጫፍ ደግሞ ደረጃ ወደ ላይ ይወጣል። ሣሩ ቁመታችንን ያህላል፤ አንዲት ሐረግ በደረጃው ላይ ወይን ጠጅ አበባዋን ዘርግታለች።

"ይህ የሹሙ ግቢ ነው" ብዬ ጀመርኩ። "እዚህ ችሎት ይቀመጣል። እዚያ ጉድጓድ ወርቅ ይታጠባል..."

"ቆይ፣ ቆይ" አሉኝ ጋሽ አድማሱ። ድምፃቸው ተለውጧል። ጃንጥላቸውን መሬት ላይ ጣሉና ጉድጓዱን በእርምጃ ለኩት። ወደ ፀሐይ አዩ። ወደ ደረጃው አዩ። "ደረጃው ወደ ምሥራቅ ነው የሚወጣው!"

"ወደ ምሥራቅ ነዋ!" አልኩ።

"አንተ ልጅ፣ ይህ የሹም ግቢ አይደለም። ሰው በሰፊው ይገባል፤ በጠባቡ ያልፋል፤ ወደ ውሃው ይወርዳል፤ በምሥራቅ በኩል ይወጣል። ይህ እኮ ቤተ መቅደስ ነው! መጠመቂያ ነው!"

የግንቡ መጋጠሚያ ላይ ሲሚንቶ የሚመስል ነገር አየሁ። አዩብኝ ብዬ ስፈራ ጋሽ አድማሱ በጥፍራቸው ፋቅ አደረጉት። "ይህስ?"

"የጥንት ሰዎች ኖራና የሰጎን እንቁላል ቀላቅለው ነው" አልኩ። ሰጎን ከየት እንደመጣብኝ አላውቅም።

ጋሽ አድማሱ ጎንበስ ብለው የጫማቸውን ማሰሪያ ፈቱ፤ ጫማቸውንና ካልሲያቸውን አውልቀው በአጥሩ ላይ አስቀመጡ፤ ቆባቸውንም አነሡ። ቤተ መቅደስ ነዋ! እሳቸው ባዶ እግራቸውን ቆመው እኔ በጫማ ብገኝ ሰናይትን ለማን ሊሰጡ ነው? እኔም አወለቅሁ። ሙሳ ከመንገዱ ሆኖ "እዚያ ጋ ጫማ አታውልቁ!" ሲል ሰማሁት፤ ሙስሊም ስለሆነ የእኛን ሥርዓት ባያውቅ ነው ብዬ አለፍኩት።

ጋሽ አድማሱ በጠባቡ በኩል በዝግታ ገቡ። እኔ ተከተልኩ። ከንፈራቸው ይንቀሳቀሳል፤ ይጸልያሉ። መካከል ላይ ስንደርስ ቆሙ።

"አንድ ነገር እየተሰማኝ ነው" አሉ በሹክሹክታ።

"እኔም" አልኩ፤ ምክንያቱም እውነትም አንድ ነገር በባቴ ላይ ሽቅብ እየወጣ ነበር።

"ከእግሬ ጀምሮ ወደ ላይ እየ... እየ... ኧረ! ኧረ ነደድኩ!"

ጉንዳን ነው። ከነሠራዊቱ። እኛ መሐሉ ላይ ነበር የቆምነው። ጋሽ አድማሱ ሱሪያቸውን በሁለት እጃቸው ይዘው የጎጃም እስክስታ የማያውቀው ዝላይ ዘለሉ። እኔ ልረዳቸው ጎንበስ ስል አንዱ ጆሮዬን ያዘኝ። በጠባቡ መመለስ ሲያቅተን በቁልቁለቱ ተንሸራትተን ጉድጓዱ ውስጥ ገባን፤ በደረጃውም እየተጋፋን በምሥራቅ በኩል ወጣን። ሥርዓቱን ሳንፈልግ ፈጸምነው ማለት ነው።

ደረጃው አናት ላይ አንድ ሽማግሌ መቆፈሪያቸውን ተደግፈው ቆመው ያዩናል። ነጭ ጀለቢያ ለብሰዋል፤ ጩኸታችንን ሰምተው ከማሽላ እርሻቸው መምጣታቸው ነው።

"ሰላም ነው?" አሉ። "ዘፈን ነው?"

"ጉንዳን ነው አባት!" አልኳቸው እየተራገፍኩ።

"እዚ ሁልጊዜ ጉንዳን አለ። እናንተ እዚ ምን ይፈልጋል?"

ጋሽ አድማሱ ሕመማቸውን ረሱ። ባዶ እግራቸውን፣ አንድ የሱሪ እግራቸው እስከ ጉልበት ተሰብስቦ፣ ሽማግሌውን እጅ ነሡ።

"አባት፣ ይህ ቦታ መጠመቂያ መሆኑን ያውቃሉ?"

"አዎ" አሉ ሽማግሌው። "መጠመቂያ ነው።"

ጋሽ አድማሱ ክንዴን ጨመቁት። "አላልኩህም! አላልኩህም!" ወደ ሽማግሌው ዞሩ። "በዚያ ይገቡ ነበር፣ አይደለም?"

"አዎ። በዚያ ይገባል፣ ውሃ ውስጥ ይጠመቃል፣ በዚ ደረጃ ይወጣል።"

ደብተራቸውን ከጉያቸው አወጡ። "እነማን ነበሩ የሚጠመቁት?"

"በሬ።"

"ማን?"

"በሬ። ላምም ይጠመቃል። ጥጃ ትንሽ ከሆነ አይጠመቅም፤ ይሰምጣል።"

ከመንገዱ በኩል ሙሳን ከባድ ሳል ያዘው። እኔ መሬቱ አፉን ከፍቶ ቢውጠኝ ብዬ ተመኘሁ፤ ያለው ጉድጓድ ግን እሱው ነው፤ ጉንዳን አለበት።

ሽማግሌው፣ ስማቸው ሼህ ኢድሪስ ነው፣ በትዕግሥት አስረዱን። "መዥገር ከብት ይገድል ነበር። ደርግ ጊዜ፣ ሰፈራ የመጣ ጊዜ፣ ይሄ ተሠራ። መድኃኒት ውሃ ውስጥ ይጨምራል፤ ከብት ሁሉ በዚ ያልፋል፤ መዥገር ይሞታል። እኔ ድንጋይ ተሸከመ። ግንብ የሠራ ሌላ ሰው ነው። የወሎ ሰው። ይመር።"

እዚህ ላይ ማሳሰብ አለብኝ፤ እኔ የሰፋሪ ልጅ ነኝ። ወላጆቼ በደርግ ዘመን ከወሎ መጥተው ከአሶሳ ዙሪያ በቁጥር ከሚጠሩት መንደሮች በአንዱ ከሰፈሩት ናቸው። የአባቴም ስም ይመር ነው። ግን ወሎ ውስጥ ይመር ስንት ነው?

"የቱ ይመር?" አልኩ።

"ይመር ግንበኛ። ጆሮ ትልቅ።"

ሁሉም ወደ ጆሮዬ ዞሩ። ሙሳም ጭምር ከመንገድ መጥቶ አየው። ሼህ ኢድሪስ ቀረብ ብለው፣ ጉንዳን የነከሰውን ያበጠ ጆሮዬን በሁለት ጣታቸው ያዙት።

"ማሻአላህ! ይቺ ጆሮ የይመር ነው! አንተ የይመር ልጅ ነህ?"

"ነኝ።"

አቀፉኝ። ማሽላ ማሽላ ይሸታሉ። ከዚያ መቆፈሪያቸውን ጥለው፣ አጥሩ ላይ ተቀምጠው ሳቁ፤ ሳቁ፤ እንባቸውን እየጠረጉ፣ ሲከብዳቸው በበርታ እየተናገሩ ሙሳ እያስተረጎመ፣ ነገሩን።

አባቴ ቁልቁለቱን ሲሠራ በጣም አዘቀዘቀው። የምረቃው ቀን ሹማምንት ከከተማ መጥተው፣ የመንደሩ ከብት ሁሉ ተሰብስቦ፣ መድኃኒቱ ተጨምሮ፣ የመጀመሪያው በሬ ቁልቁለቱን አይቶ አልገባም አለ። ገፉት፤ አልገባም። መቱት፤ አልገባም። ሹማምንቱ ሰዓታቸውን ማየት ጀመሩ። ያኔ አባቴ "መንገዱ ደህና ነው፤ እኔ ቀድሜ ላሳየው" ብሎ ከፊት ቆመ። የበሬውን ገመድ ይዞ አንድ እርምጃ ወረደ፤ አዳለጠው፤ እስከ አንገቱ መድኃኒት ውስጥ ገባ። በሬው ይህን አየና ተከተለው። በሬውን አይቶ መንጋው ሁሉ ተከተለ።

"ይመር ከፊት ይዋኛል፣ በሬ ከኋላ ይዋኛል" አሉ ሼህ ኢድሪስ። "አንድ ዓመት ሙሉ ይመር ላይ ቅማል እንኳን አልወጣም! እኛ በርታ ከሰፋሪ ጋር ያኔ አንነጋገርም ነበር። ቋንቋ የለም። አንዱ ይሄ ቦታ የኔ ነው ይላል፣ ሌላው የኔ ነው ይላል። ያን ቀን ግን ሁላችንም አንድ ላይ ሳቀ። ከዚያ በኋላ ይመር ወደ እኔ ቤት ይመጣል፣ እኔ ወደ ይመር ቤት እሄዳለሁ። እኔ አማርኛ ያስተማረኝ ይመር ነው።"

አባቴ ከሞተ አምስት ዓመት ሆኖታል። ሱቄ ደጃፍ ላይ በርጩማ አስቀምጦ እየመጣ ይውል ነበር። አንዳንዴ "እኔ እኮ ያኔ..." ብሎ ይጀምርና፣ እኔ "እሺ አባባ፣ ቆይ ይቺን ስልክ ልጨርስ" እለው ነበር። ስልክ ደግሞ አያልቅም። እጄን ግንቡ ላይ አሳረፍኩ። ፀሐይ አሙቆታል። ድንጋዩ አንዱ ከሌላው ጋር እንዴት አድርጎ እንደተጋጠመ ያን ጊዜ ነው ያየሁት።

"ጋሼ" አልኩ ለጋሽ አድማሱ። ዓይናቸውን ማየት አልቻልኩም። "እኔ ምንም አላውቅም። ቅርስ አይቼ አላውቅም። አሶና ሳም የሉም።"

"አሶና ሳ እንደሌሉማ ባጃጅ ውስጥ ነው ያወቅሁት" አሉኝ ካልሲያቸውን እያራገፉ። "ይህን ያህል ዘመን ተማሪ ፈትኛለሁ። ያላጠና ልጅ መልሱን ጣሪያ ላይ ነው የሚፈልገው።"

"ታዲያ ለምን ጻፉት?"

"ምን እንደምትጨምርበት ልይ ብዬ።" ካልሲያቸውን አጠለቁ። "መቅደሱን ግን አንተ አልዋሸኸኝም። እኔው ነኝ ራሴን የዋሸሁት። ምን መሰለህ፣ አክሱምን ስንት ዓመት አስተማርኩ! ሐውልቱን በጠመኔ ስስለው እጄ ያለ ዓይኔ ይሠራዋል። አክሱምን ግን አላየሁትም። ላሊበላንም አላየሁም። አንድ ክረምት ልሄድ ሻንጣዬን ካዘጋጀሁ በኋላ የሰናይት አባት ሞተ። ከዚያ ልጅ ማሳደግ መጣ። በየዓመቱ ለከርሞ እያልኩ ጡረታ ወጣሁ። ዛሬ በእግሬ ቆሜበት አየሁት ስል..." ወደ ጉድጓዱ በአገጫቸው አመለከቱ። "በሬ ቀድሞኝ ተጠምቆበታል።"

ሁለታችንም ሳቅን። ግን ቶሎ አቆምን።

ሼህ ኢድሪስ ምሳ ሳንበላ አንላቀቅም አሉ። ቤታቸው ቅርብ ነው። የማሽላ ገንፎ ከባሚያ ወጥ ጋር ቀረበልን። ባሚያ ለማያውቀው ሰው ፈተና ነው፤ ከገበታው እስከ ጋሽ አድማሱ ጢም ድረስ ክር ዘረጋ። እሳቸው ክሩን እየጠቀለሉ፣ ከረባታቸውን ወደ ኋላ ወርውረው፣ በደብተራቸው የአባቴንና የበሬውን ዋና ይጽፉ ነበር። "ከብቱ ስንት ነበር? በሬው ቀለሙ ምን ነበር? ሹማምንቱ ምን አሉ?" ሼህ ኢድሪስ ሲመልሱ ዓይናቸው ጣሪያ ላይ አይወጣም።

"ለመሆኑ የድሮው ሹም ግንብ የት ነው?" አልኳቸው በመጨረሻ፤ አሁን ሰው ፊት መጠየቅ አላሳፈረኝም።

ሙሳ ገንፎውን ዋጠ። "በቀኝ ነበራ" አለ። "ስንወርድ ጀርባችሁን የሰጣችሁት።"

ከሰዓት በኋላ ሄደን አየነው። ከማሽላው መሐል የወገብ ያህል ከፍታ ያለው የድንጋይ ቅጥር፣ ላዩ ላይ ሁለት ፍየል የቆመበት ነው። ሼህ ኢድሪስ ከአያታቸው የሰሙትን በቀስታ ተረኩልን፤ የማያውቁት ቦታ ላይ ሲደርሱ "ይሄን እኔ አያውቅም" እያሉ ያልፉታል። እኔ አንዲት ቃል አልተናገርኩም። ጋሽ አድማሱ ድንጋዩን ዳሰሱት፤ ቆባቸውን አነሡ፤ ጫማቸውን ግን አላወለቁም።

ስንመለስ ባጃጁ ውስጥ ስልካቸውን አወጡና ለእህታቸው፣ ለሰናይት እናት፣ ደወሉ። ባጃጅ ውስጥ ሚስጥር የለም፤ ጉልበቴ ጉልበታቸውን ይነካል። ወደ ውጭ እንደሚያይ ሰው ሆንኩ።

"አዎ፣ አየሁት" አሉ። "...ደህና ነው። ጆሮው ትንሽ ትልቅ ነው።... የአባቱን ሥራ አይቻለሁ፤ ጥሩ ግንበኛ ነው። ቁልቁለት ላይ ብቻ ያበዛል።... ጠባዩ?"

ሙሳ በመስታወቱ አየኝ። ባጃጁ እንኳን ጩኸቱን የቀነሰ መሰለኝ።

"ጠባዩማ ውሸታም ነው" አሉ ጋሽ አድማሱ። "...ኧረ ስሚኝ አታቋርጪኝ! ውሸታም ነው እልሻለሁ፤ ግን አይችልበትም። አንቺ እስከ ዛሬ ዋሽቶ የማያመልጥ ባል አይተሻል? እኔ አላየሁም። ልጅቷን ሽማግሌ ይላክ በያት፤ መዋሸት ሳይማር።"